በግራ እጅ የተጠመዘዘች ሽቦ

ትንሿ አውሮፕላን ዓርብ ከቀትር በኋላ የወረደችው አወራረድ የማረፍ አልነበረም፤ የመውደቅ ነበር። አንዴ ነጠረች፤ ደግማ ነጠረች፤ በሦስተኛው የግራ ጎማዋ ፈነዳና ሣሩን እያረሰች መጥታ ከአውሮፕላን ማደሪያው ከሃንጋሩ በር ሠላሳ እርምጃ ያህል ሲቀራት ወደ ጎን ዞራ ቆመች። ፕሮፔለሩ መሽከርከሩን ሳያቆም አብራሪው በሩን በእግሩ ገፍቶ ወረደ። ጉልበቱ ከዳውና ተንበረከከ። ተነሣ። ሃንጋሩ በር ላይ ጨርቅ ይዞ ወደቆመው ሜካኒክ በቀጥታ ሄደና አፉን በቡጢ አለው።

ሜካኒኩ ታላቅ ወንድሙ ነው፤ ሥልሳ ሦስት ዓመቱ። በመሥሪያ ቤቱ ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ «መዶሻ» እያሉ ይጠሩታል። ቅጽል ስሙን ያገኘው በመሣሪያው አይደለም፤ መሣሪያውንማ ብዙም አይወደው፣ አውሮፕላን በመዶሻ አይሠራም ይላል። ያገኘው በእጁ ነው። እጁ ከአፉ ይቀድማል። ሌላው ሰው «ኧረ ተው» በሚልበት ቦታ እሱ ይመታል፤ ሌላው በሚሰድብበት ይመታል፤ ሌላው ነገሩን በሆዱ ይዞ በሚያድርበት ቦታ እሱ መትቶ ስለሚገላገል እንቅልፉ መልካም ነው።

አባቱ ከተቀበሩ ወዲህ ግን እሱን ራሱን የመታው ሰው አልነበረም። ስለዚህ ቡጢው ሲያርፍበት መጀመሪያ የተሰማው ሕመም ሳይሆን ግርምት ነበር። ምላሱን ከከንፈሩ በስተጀርባ አዙሮ የሚነቃነቅ ጥርስ አገኘ።

«ገድለኸኝ ነበር፣ ጋሼ» አለ አብራሪው። በዚያች ሰዓት እንኳ ጋሼ ማለቱን አልረሳም። «ደስ አለህ?»

«ምን ሆነህ ነው?»

«ትሪሟ አብዳለች። ዝቅ በይ ስላት ቀና ትላለች። ጨምሬ ዝቅ በይ ስላት ጨምራ ቀና ትላለች። መሪውን በሁለት እጄና በጉልበቴ ደግፌ ነው ያመጣኋት። ከጎማዋ ላይ የዛፍ ቅጠል አለ፣ ሂድና እይ። እርሻውን ልረጭ ሄጄ በራሴ ሥጋ ልረጨው ነበር።»

መዶሻ ደሙን ተፋ። «እጅህ ነው። ከልጅነትህ ጀምሮ ግራና ቀኝህን ለይተህ አታውቅም።»

ሁለተኛው ቡጢ ተሰነዘረ፤ ይሄኛው ግን አልደረሰም። መዶሻ የወንድሙን አንገት ይዞ ከክንፉ ሥር ከብረቱ ጋር አጣበቀው፤ ቆርቆሮው ጮኸ። አብራሪው በክርኑ ጎኑን ደቃው። ከሃንጋሩ ውስጥ ሁለት ሰዎች ሮጠው ደረሱ። አንዱ ቀለም ቀቢው ነበር፤ ቀጭን፣ ቀልደኛ፣ ግንባሩ ላይ የሦስት ቀን እብጠት ያለበት። ሌላው «ደንቡ» የሚሉት ተቆጣጣሪ ነው፤ የመዶሻ አማች፣ የልጁ ባል። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር «ደንቡ እንዲህ ይላል» ብሎ ስለሚጀምር ነው ስሙ። አንዱ ታናሽየውን፣ አንዱ ታላቅየውን ይዘው አላቀቋቸው።

«ሁለታችሁም ብትሞቱ» አለ ቀቢው እያለከለከ፣ «አውሮፕላኗን የሚገፋ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚተርፈኝ። እሱ ደግሞ ደንቡ ካልፈቀደ አይገፋም።»

የሳቀለት አልነበረም።

ትሪም የሚሉት ነገር እንዲህ ነው። አውሮፕላን በአየር ላይ ሳለች አፍንጫዋ ቀና ወይም ዘቅዘቅ ማለት ይወዳል። አብራሪው መሪውን ሲገፋና ሲስብ ክንዱ እንዳይዝል ከመቀመጫው አጠገብ አንዲት መዘውር ተደርጋለታለች፤ ወደ ፊት ሲያዞራት አፍንጫው ይወርዳል፣ ወደ ኋላ ሲያዞራት ይነሣል። ከመዘውሯ ሰንሰለት፣ ከሰንሰለቱ በወለሉ ሥር የሚያልፍ የብረት ገመድ፣ በገመዱ መጨረሻ ጅራቱ ውስጥ ገመዱ የሚጠመጠምበት ትንሽ ከበሮ፣ ከከበሮው ደግሞ በጅራቱ ክንፍ ጠርዝ ላይ የተንጠለጠለች መዳፍ የምታህል ስስ ብረት አለች። ሠራተኞቹ «ምላስ» ይሏታል። ምላሷ ከመዘውሯ በተቃራኒ ነው የምትሠራ፤ እሷ ወደ ላይ ስትወጣ ነፋሱ የጅራቱን ክንፍ ወደ ታች ይጫነዋል፣ ጅራቱ ይነሣል፣ አፍንጫው ዝቅ ይላል። ትንሽ ነገር ናት። ግን ያቺ ትንሽ ነገር ጠማማ ከሆነች የጠንካራ ሰው ክንድ ከአሥር ደቂቃ በላይ አይቋቋማትም።

ሦስቱ አውሮፕላኗን ገፍተው አስገቡ። አብራሪው አልገፋም፤ የሃንጋሩን ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጦ ጉልበቱን ይይዛል። መዶሻ አፉን በውኃ ተጉመጥምጦ መቀመጫው ላይ ወጣና መዘውሯን ያዘ። ወደ ፊት አዞራት። ለስላሳ ነበረች፤ አልያዘችም፣ አልተንገጫገጨችም። አጠገቧ ያለችው ጠቋሚ ወደ «ዝቅ» ሄደች። ይህ ግን ምንም ማለት እንዳልሆነ ያውቃል፤ ጠቋሚዋ መዘውሯን እንጂ ጅራቱን አታውቅም። የቅርቡን አይታ ስለ ሩቁ ትምላለች።

«ደንቡ! ከኋላ ሆነህ ምላሷን እይልኝ። ወዴት ሄደች?»

አማቹ ወደ ጅራቱ ዞሮ ጎንበስ አለ።

«ወዴት ሄደች እልሃለሁ።»

«አባባ፣» አለ አማቹ ከጅራቱ በስተጀርባ ሆኖ፣ «እርስዎ ራስዎ ቢያዩት ይሻላል።»

መዶሻ ወርዶ ሄደና አየ። ምላሷ ወደ ታች ተንጠልጥላለች። ዝቅ አድርጊ ተብላ ታዝዛ አፍንጫውን ቀና የምታደርግበት ቦታ ላይ ናት። ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠው። እንዳለች ናት።

ወንድሙ እውነቱን ነበር።

የመዶሻ አስተሳሰብ በዚህ ጊዜ የሚሄድበትን መንገድ ማንም አብሮት የሠራ ሰው ያውቀዋል። ገመድ ቢላላ ትሪም ይዘገያል እንጂ አይገለበጥም። ሰንሰለት ጥርስ ቢዘል ልኩ ይሳሳታል እንጂ አይገለበጥም። የጅራቱ ብሎን ግራሶው ቢደርቅ ያንቃል እንጂ አይገለበጥም። ነገርን የሚገለብጥ የሰው እጅ ብቻ ነው። ገመዱን ማክሰኞ ዕለት የቀየረው እሱ ነው፤ አሮጌው ክሩ መበጣጠስ ጀምሮ ስለነበር። ሠላሳ አምስት ዓመት ገመድ ጠምጥሟል። የእሱ እጅ አይገለብጥም። እንግዲያው ከማክሰኞ በኋላ የሌላ ሰው እጅ ገብቷል።

ወደ ሥራ ጠረጴዛው ሄዶ መሣሪያ ማጥበቂያውን ሞርሳ በመዳፉ መታ፤ ብረቱ አስተጋባ።

«ስሙኝ» አለ። «ይህን የሠራ እጅ፣ የማንም ይሁን የማን፣ እዚህ ሞርሳ ውስጥ ይገባና ይሰበራል። በአባቴ አጥንት።»

መዶሻ በአባቱ አጥንት ምሎ የቀረበት ቀን የለም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ደንቡ ፊቱ አመድ መሰለ። አብራሪው በሚሰማለት በቀኝ ጆሮው በኩል ዞር ብሎ «የማንም ይሁን የማን?» ሲል ጠየቀ።

«የማንም።»

«እሺ። ሰምተናል።»

ስለ አባትየው አጥንት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ሰውዬው የጭነት መኪና ሜካኒክ ነበሩ። ልጃቸውን በሰባት ዓመቱ ከመኪና ሥር አስገብተው፣ ዓይኑን በጨርቅ አስረው፣ ብሎን በጣት ዳሰሳ እንዲለይ አስተማሩት። ሲሳሳት በአሥራ ሰባት ቁጥር ቁልፍ የጣቱን አንጓ ይመቱታል። «ጣት የሚማረው ሲያመው ነው» ይሉ ነበር። በአሥራ ሁለት ዓመቱ አይሳሳትም ነበር፤ ሁለት አንጓዎቹ ግን ዛሬም ጎባጣ ናቸው። የነገሩ ክፋት ዱላው መሥራቱ ነው። ባይሠራ ኖሮ ልጁ ይንቀው ነበር፤ ስለሠራ ግን አመነበት፣ አምኖበትም ሃይማኖት አደረገው። ታናሽ ወንድሙ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለ የተሳሳተ ቁልፍ ቢያቀብለው በጥፊ አጮለው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የአብራሪው ግራ ጆሮ ነፋስ እንጂ ቃል አይሰማም። ልጁን አግብቶ የመጣውን ተቆጣጣሪ ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት፣ «አባባ፣ ይህ ብሎን ተገልብጧል፤ ደንቡ ጭንቅላቱ ወደ ላይ ይሁን ይላል» ስላለው ሁለት የፊት ጥርሶቹን አረገፈለት። ሰዎች ለምሳ ሲወጡ መዶሻ ብቻውን ተመልሶ ብሎኑን ገለበጠው። ትክክል ነበርክ ግን አላለውም። ልጁ የዚያን ዕለት ቤቱ መጥታ አልጮኸችም፤ «አባዬ፣ አንተ ስትገባ በሩ እንኳ ይፈራሃል» ብላው ብቻ ሄደች። ለጥቂት ሳምንታት ያ ቃል ሲከነክነው ሰነበተ። ከዚያ ለመደው።

አሁን ጅራቱ ሥር ተንበርክኮ የመፈተሻውን ክዳን ፈታ። ባትሪውን በጥርሱ ነክሶ ውስጥ አየ። ከበሮው ላይ ገመዱ ከላይ መጠምጠም ሲገባው ከሥር ተጠምጥሟል። ይህ ስህተቱ ነው። ስህተተኛውን የሚናገረው ግን ሌላ ነገር ነበር። ብሎን በንዝረት እንዳይፈታ ሜካኒኮች በቀጭን ሽቦ ያስሩታል፤ ሽቦዋን እጥፍ አድርገው ይጠመዝዟታል። ያ ጥምዝምዝ የሰው ፊርማ ነው። መዶሻ የማንንም ሽቦ አይቶ የማን እንደሆነ ይናገራል፤ አንዱ ያጠብቃል፣ አንዱ ያላላል፣ አንዱ ጫፏን መቆልመም ይረሳል። ይህቺኛዋ ሽቦ የተጠመዘዘችው ወደ ግራ ነበር።

በዚያ ሃንጋር ውስጥ አንድ ግራኝ ብቻ ነው ያለው።

መዶሻ ባትሪውን ከአፉ አውጥቶ በቀስታ መሬት ላይ አስቀመጠው። በቀስታ የሚያደርገው ነገር ሁሉ የሚያስፈራ ነው። ቀቢው የቀለም ጣሳ በግራ እጁ እያማሰለ ነበር፤ ቀና ሲል ሽማግሌው ላዩ ላይ ደርሷል።

«ማክሰኞ ስለመታሁህ ነው?»

«ምኑ?»

የመጀመሪያው ቡጢ ጣሳውን ከእጁ ነጥቆ ቢጫ ቀለም በግድግዳው ላይ ረጨ። ሁለተኛው ሆዱ ላይ አረፈ። ቀቢው ታጥፎ ሲወድቅ በጫማው ጎኑን መታው፤ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ቀቢው እጁን ፊቱ ላይ ጋርዶ ቢጫው ውስጥ ተንከባለለ፤ መዶሻ በኮሌታው አንሥቶ ወደ ጠረጴዛው ጎተተው፤ ግራ እጁን ፈልቅቆ ወደ ሞርሳው አፍ ከተተና መያዣውን ማዞር ጀመረ። ብረቱ ቆዳ ያዘ። ቀቢው በእንባና በንፍጥ መሃል «ጋሽ መዶሻ፣ ጋሽዬ፣ እኔ ጅራቱ ጋ አልደረስኩም፣ በልጆቼ» ይላል። መዶሻ አይሰማም። ዓይኑ ደም ለብሷል። መያዣውን አንድ ጊዜ ጨመረ።

አብራሪው ተነሥቶ ነበር፣ ግን ጉልበቱ አላስኬደውም። የሄደው ደንቡ ነው። አማቱን ከኋላ በሁለት እጁ አቅፎ ወደ ኋላ ጎተተው። እሱ ሰው ነክቶ አያውቅም፤ አያያዙ የሚያስቅ ነበር፣ ሕፃን እንደሚያቅፍ። መዶሻ በጭንቅላቱ ጀርባ አፍንጫውንና ከንፈሩን ነረተው፤ ደሙ በሽማግሌው ትከሻ ላይ ፈሰሰ። ደንቡ አልለቀቀም።

«እርስዎ ነዎት» አለ።

«ልቀቀኝ።»

«እርስዎ ነዎት ያሰሩት። በግራ እጅዎ።»

መዶሻ ቆመ።

«ማክሰኞ ጠዋት የመፈተሻውን ክዳን ብሎኖች ቀለም አለበስክ ብለው እሱን ግንባሩን መቱት። ቀኝ እጅዎ እንደ ዳቦ አብጦ ነበር። ከሰዓት ገመዱን ሲቀይሩ በግራዎ ነው የሠሩት። ቀኝዎ ከላይ ይጠመጥማል፤ ግራዎ ከሥር ጠመጠመው። ሽቦዋንም በግራዎ ጠመዘዟት። አጠገብዎ ቆሜ ባትሪ ያበራሁልዎ እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ቀኝ እጁን አንሥቶ አየው። አንጓዎቹ ላይ ማክሰኞ የነበረው ጥቁረት ገና ወደ ቢጫነት እየተለወጠ ነበር። ማክሰኞ ቁልፍ መጨበጥ እንዳቃተው ትዝ አለው። በግራው ሲሠራ፣ ግራውም ሠራተኛ ነው ብሎ በልቡ መኩራቱ ትዝ አለው። የዓመታት ልማድ ያለው እጅ ማን እንደሆነ አይጠይቅም፤ ወደ ራሱ ይስባል፣ ይጠመጥማል፣ ያስራል።

የሞርሳውን መያዣ ራሱ ፈታው። ቀቢው ተንሸራትቶ መሬት ላይ ተቀመጠና እጁን ብብቱ ውስጥ ወሸቀ።

«አንተ መፈተሽ ሥራህ ነው» አለ መዶሻ። «መዘውሯን አዙረህ አላየህም?»

«አዙሬ አይቻለሁ።»

«ተገልብጣ?»

«ተገልብጣ።»

«ፈርመሃል?»

«ፈርሜያለሁ። ትናንትና ከትናንት ወዲያ ምሳዎን እዚሁ በሉ፤ ዛሬ ለምሳ ሲወጡ ብቻዬን ገብቼ ላስተካክለው ነበር። በረራው ለነገ ነው የተባለው። ወንድምዎ ተባዩ ሳይስፋፋ ብለው ከምሳ በፊት ተነሡ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

ደንቡ የደማ ከንፈሩን በአውራ ጣቱ ወደ ላይ ገለበጠና ሁለት ጥርስ የጎደለውን ድዱን አሳየው። ከዚያ ከንፈሩን መለሰው።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በጅራቷ ሥር የተዘጋው አፍ ግን በሦስት ቀን ነቅዞ ነበር፤ ትሉ አድጎ የአብራሪውን አንገት ሊበላ እስከ ዛፎቹ ጫፍ ወጥቶ ተመለሰ። መዶሻ ይህን በቃል አላሰበውም። ያየው ዛፎቹን ነው። ወንድሙ መዘውሯን ወደ ፊት ሲያዞር፣ አፍንጫው ሲነሣ፣ ጨምሮ ሲያዞር፤ ወንድሙ የተማረውን ሁሉ በትክክል እያደረገ፣ ትክክሉ ራሱ እየገደለው። ያንን ያየው በሁለት እጁ ውስጥ እንደሚሰማ ክብደት ነው።

ቀቢው ከመሬት ሆኖ ሳል ቀላቅሎ ሳቀ። «እንግዲያው ጥፋተኛው ግንባሬ ነው» አለ ጎኑን ይዞ። «ጋሽ መዶሻ ሲመጡ ዝቅ ማለት ነበረበት። ትሪሙ ተበላሽቶበት ነው።»

ይህን ጊዜ አብራሪው ሳቀ፤ አጭር፣ ደረቅ ሳቅ። ከዚያ የሳቀ አልነበረም።

መዶሻ የግራ እጁን እጅጌ ሰበሰበ። እጁን በሞርሳው ውስጥ አስገባ፣ ሁለቱን ትናንሽ ጣቶች በጠርዙ ላይ አወጣ፣ በቀኙ መያዣውን አጠበቀ። አንድ ዙር። ሁለት። ከግድግዳው ላይ የየመሣሪያው ቅርጽ በጥቁር ቀለም ከተነደፈበት ሰሌዳ መዶሻውን አውርዶ ወደ ወንድሙ ዘረጋ።

«ይተዉ፣ አባባ» አለ ደንቡ።

«አንተ ዝም በል» አለና፣ ምን እንዳለ ራሱ ሰማው። «አይ። ተናገር። ምን ልትል ነበር?»

«ጥፋቱ የእኔም ነው። የፈረመችው የኔ እጅ ናት።»

«መሐላው ስለሠራው እጅ ነው። ያንተን አፍ የዘጋውም ይኸው እጅ ነው። ሁለቱን ዕዳ አንድ ሞርሳ ይበቃዋል።» መዶሻውን ለወንድሙ ነቀነቀለት። «ና እንጂ። ጉልበትህ ከታመመ ተቀምጠህ ምታ።»

አብራሪው እያነከሰ መጣ። መዶሻውን ተቀበለ። ክብደቱን በእጁ ላይ ሁለቴ ሦስቴ አመዛዘነው። ሃምሳ ዓመቱ ነው፤ ከነዚህ ውስጥ ሠላሳ አምስቱን በአንድ ጆሮ ኖሯል። የወንድሙን ፊት አየ፤ ሽማግሌው ዓይኑን አልጨፈነም። ብዙ ሰው በዚህ ቦታ ላይ መሣሪያውን ጥሎ ወንድሙን ያቅፋል። አብራሪው መታ። አንድ ጊዜ፣ ሳይሳሳት፣ ባለሙያ እንደሚመታ።

የሁለት ጣቶች ድምፅ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ያለ ነበር። መዶሻ አልጮኸም፤ ጉልበቱ ግን ታጠፈና በእጁ ብቻ ተንጠልጥሎ ቀረ። ደንቡ ሮጦ መያዣውን ፈታለት።

«ይሄ የጆሮዬ ነው» አለ አብራሪው። «የዛሬውን ትቼልሃለሁ።» መዶሻውን በሰሌዳው ላይ በቅርጹ ቦታ ሰቀለው፤ ከዚያ ወደ ውጭ ወጥቶ ከፈነዳው ጎማ ፍርፋሪ መሃል አስታወከ።

ሐኪም ቤት ይሂዱ አሉት፤ እምቢ አለ። «መጀመሪያ እሷ» አለ፣ በአገጩ ወደ ጅራቷ እያሳየ። «እንደዚህ ሆና አድራ ማንም ሞኝ ገብቶ ያስነሣታል።» ቀቢው ቀለም ሲቀባ የሚጋርድበትን ማጣበቂያ ወረቀት በደህናው እጁ ወርውሮ አቀበለ፤ ደንቡ ሁለቱን ጣቶች በስስ ብረት ደግፎ በወረቀቱ ጠቀለላቸው። የራሱ አፍንጫ እየደማ ነበር። አማትና አማች እንዲያ ተቀራርበው ተቀምጠው አያውቁም።

ከዚያ ጅራት ውስጥ የገባው ደንቡ ነው። ገመዱን ፈታ፣ ከላይ ጠመጠመ፣ ልኩን ወጠረ፣ ሽቦዋን ወደ ቀኝ ጠመዘዘ። መዶሻ ባትሪውን ያበራለታል። አንድ ሁለት ጊዜ «እንደሱ አይደለም» ሊል አፉን ከፈተ፤ እንደሱ ነበር። ሲጨርስ ደንቡ መቀመጫው ላይ ወጣ፣ መዶሻ ከኋላ የማዕዘን መለኪያውን ምላሷ ላይ ለጥፎ ቆመ። በሃንጋሩ በር የገባው የማታ ፀሐይ በግድግዳው ላይ የፈሰሰውን ቢጫ ቀለም አብርቶታል። አብራሪው በሩ ላይ ቆሞ ያያል።

«ወደ ፊት አዞርኩ» አለ ደንቡ። «ወዴት ሄደች?»

«ወደ ላይ።»

አብራሪው ከበሩ ሁለት እርምጃ ገባ።

«እስከ መጨረሻው አዞርኩ። ስንት አነበቡ?»

«ሃያ ሁለት ዲግሪ።»

«ደንቡ ሃያ አምስት ይላል።»

«ሃያ ሁለት ይበቃታል» አለ መዶሻ። «ይህችን ሞዴል አንተ ሳትወለድ ጀምሮ አውቃታለሁ። ሃያ ሁለት ሆና ስትበር ኖራለች።»

ዝምታ ሆነ። ቀቢው ጎኑን ይዞ ከተቀመጠበት ቀና አለ። በዚህ ሃንጋር ውስጥ እንዲህ ያለ ዝምታ ሲወድቅ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ተቆጣጣሪው «እሺ» ይላል፣ መጽሐፉ ላይ ይፈርማል፣ ነገሩ ያልቃል። ደንቡ ከመቀመጫው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ወደ ኋላ አየ። ከንፈሩ አብጧል፤ ቃሉ በጎደሉት ጥርሶች መሃል እያፏጨ ወጣ።

«አይበቃትም፣ አባባ። ተሳስተዋል። ሰንሰለቱ አንድ ጥርስ ዘሎ ተገጥሟል። እሱም የእርስዎ ሥራ ነው።»

የመዶሻ ቀኝ እጅ ተጨበጠ። ማንም አላዘዘው፤ ራሱ ተጨበጠ። አንጓዎቹ፣ አባቱ ያጎበጧቸው ሁለቱም ጭምር፣ ነጡ። ሁሉም አየው። እሱም አየው። እዚያው እንደ ሌላ ሰው ዕቃ በክንዱ ጫፍ ላይ ተሰቅሎ ቆመ። ግራው በወረቀት ተጠቅልሎ ልቡ በመታ ቁጥር ይመታል።

ጡጫው ለመከፈት ጊዜ ወሰደ። አንድ ጣት፣ ከዚያ ሌላ። ሲከፈት መዳፉ ውስጥ የጥፍሮቹ አሻራ ቀርቶ ነበር።

«ካቻቪቴ አምጣ» አለ ለወንድሙ። «የፊቱን ወለል እንከፍታለን። ሰንሰለቱን እሱ ይገጥማል። እኔ አነብለታለሁ።»

አብራሪው በደህናው ጆሮው ዞር ብሎ «ምን አልክ?» አለው።

መዶሻ ወደ እሱ ተራመደ፤ ከደህናው ጆሮ አጠገብ ቆሞ፣ ድምፁን ሳይጨምር ደገመለት።